እንስሳው ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም



ለሰው መድኃኒት ለማግኘት ሲባል እንስሳ ሊሠቃይ ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መካከል ሲነሣ አንዱ ወገን «ጭካኔ ነው» ይላል፤ ሌላውም «ከሰው ሕይወት የሚበልጥ የለም» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን የፓርኪንሰንን በሽታ ታሪክ ስመለከት፥ ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም እንስሳው በሽተኛውን ምን ያህል ይመስላል የሚለው ነው።

ይህ በሽታ እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ጡንቻን ያደነድናል፤ እርምጃን ያዘገያል። ምክንያቱም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ስለሚሞቱ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሊቅ አርቪድ ካርልሶን ሬዘርፒን በሚባል መድኃኒት ለፈዘዙት ጥንቸሎች ኤል-ዶፓ በመርፌ ቢሰጣቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ኤል-ዶፓ በቪየና ለሕሙማን ተሰጥቶ እንደ ጠቀመ ተገለጠ። ዛሬም የበሽታውን ምልክት በማስታገሥ ረገድ ዋነኛው መድኃኒት እርሱ ነው። ስለዚህ የእንስሳ ሙከራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ኤል-ዶፓ የሕዋሳቱን ሞት አያቆምም። ይህን የሚያቆም መድኃኒት ለማግኘት ሊቃውንት የአይጥንና የጦጣን የዶፓሚን ሕዋሳት በመርዝ ገድለው ይሞክራሉ። ነገር ግን መርዙ በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያደርሰውን ጉዳት በሽታው በሰው ላይ የሚያደርሰው በብዙ ዓመታት ነው። ጂ ዲ ኤን ኤፍ የተባለው ፕሮቲን በጦጣዎች ላይ ታላቅ ተስፋ አሳይቶ ነበር። ዳሩ ግን በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 34 ሕሙማን ከስድስት ወር በኋላ ሲመረመሩ፥ ፕሮቲኑ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይህን ያህል ተሽለው አልተገኙም።

እንግዲህ እንስሳው ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። ምስክርን ያለ ምክንያት ማሠቃየት ነውር ነው። ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስተማሩት፥ በሌላ መንገድ መሞከር ሲቻል እንስሳ አይነካ፤ የግድ ከሆነም ቁጥሩ ይቀነስ፤ ሥቃዩም ይቃለል። የምስክሩን ቃል ሳይመረምሩ መፍረድም እንዲሁ በደል ነው፤ በሐሰተኛ ተስፋ የሚጎዳው በሽተኛውና ቤተ ሰቡ ነውና።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ «በአይጥ ላይ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ ስንሰማ ከማጨብጨባችን በፊት «በሰውስ ላይ ተፈትኗልን?» ብለን እንጠይቅ።