ካርዱ የማን ነው?

ከደራ ወደ አዳማ ወይም ወደ አሰላ «ሪፈር» የተባለ ሰው በፌስታሉ ይታወቃል። ፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ የሪፈር ወረቀት፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ራጅ፣ አንዳንዴም ያለቀ መድኃኒት ባዶ ካርቶን አለ። የአንድ ሰው የጤና ታሪክ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጓዛል። ፌስታሉ ከጠፋ ታሪኩም ጠፋ።

ስለ ዲጂታል ጤና በተወራ ቁጥር መፍትሔው ቀላል ተደርጎ ይነገረናል፦ ሁሉን ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ፣ ጤና ጣቢያውን ከሆስፒታሉ ጋር አገናኙ፣ አለቀ። እኔ አላለቀም ባይ ነኝ። የታካሚ መረጃ ከተቋም ወደ ተቋም መሄድ አለበት። ግን ማን እንደከፈተው ታካሚው ራሱ የማያይበት ሥርዓት ከፌስታሉ የባሰ ነው።

መጀመሪያ አሁን ያለውን እንየው። የጤና አገልግሎታችን እንደ መሰላል የተሠራ ነው፦ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ በላይ ስፔሻላይዝድ። ሰው መሰላሉን ሲወጣ መረጃው አብሮት እንዲወጣ ነበር የታሰበው። የሚሆነው ግን በየእርከኑ «አዲስ ካርድ አውጡ» ነው። ትናንት የተከፈለበት ምርመራ ዛሬ እንደገና ይከፈልበታል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ራሱን ስቶ ከመጣ ማን ይናገርለታል?

አክስቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ካርዷ አልተገኘም። ሐኪሙ በትሕትና «እናቴ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አላት። «ያቺን ነጯን፣ ልጄ» አለችው። ነጭ ክኒን ስንት ዓይነት ነው! ወረቀቶቿ ቤት ነበሩ፤ ቢኖሩስ? የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሑፍ። አክስቴ የራሷን ምስጢር ማንበብ ሳትችል ነው ተሸክማ የምትዞረው።

የሚያናድደው ደግሞ ሌላው ነገር መጓዙ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ የተዘረጋው ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት ስንት ሰው ታከመ፣ ስንት እናት ወለደች የሚለውን ድምር ከየጤና ተቋሙ ወደ ላይ ያደርሳል። ይህ ለዕቅድ አስፈላጊ ነው፤ አልቃወምም። ግን ቁጥራችን አዲስ አበባ እየደረሰ ካርዳችን አዳማ አይደርስም።

መንገድ ሲጠፋ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ ራጁን ያነሳል፣ ለጓደኛው በቴሌግራም ይልካል፣ ምክር ይጠይቃል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሕይወትም ሊያድን ይችላል። የታካሚው ስም ግን ፎቶው ጥግ ላይ አለ፤ ፎቶው ደግሞ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር ማንም አያውቅም። እንግዲህ መረጃችን በሚያስፈልግበት ቦታ የለም፣ በማያስፈልግበት ቦታ አለ።

«ታዲያ ሁሉንም ለሁሉም ተቋም እንክፈተው» የሚሉኝ አሉ። ትንሽ ከተማ ኖረው ያውቃሉ? እንደ ደራ ባለ ከተማ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ነርሱ የዕድር አባል ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ሰፈራቸው ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው፣ ትራንስፖርት ከፍለው፣ ሌላ ከተማ ሄደው መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ለምን ይመስላችኋል? ርቀቱ መጋረጃቸው ነው። አንድ ቀን የሩቁ ካርድ በሰፈሩ ኮምፒውተር ላይ ቢገለጥ እነዚህ ሰዎች አቤቱታ አይጽፉም። ዝም ብለው መድኃኒቱን ያቆማሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እውነት ነው። ተረቱ ግን ለመድኃኒት አዋቂ ንገር አለ እንጂ ለሰፈር ሁሉ አላለም። «የግል ምስጢር የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውንም አልቀበልም። ገበና የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ነን። ገበና መሸፈን የጨዋነት መለኪያችን ነው፤ ኮምፒውተር ሲገባ ለምን ይቀራል?

ሕጉ ከጎናችን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ጥሩ። ነገር ግን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የታተመ አዋጅ በራሱ ወደ ካርድ ክፍል አይገባም። ፋይዳም ብቻውን አይበቃም፤ የፋይዳ ቁጥር እኔ ማን እንደሆንኩ ይናገራል እንጂ ካርዴን ማን መክፈት እንደሚችል አይወስንም።

የሚቻል ነገር ነው የምጠይቀው። ኢስቶኒያ አገር አቀፍ የጤና መረጃ ሥርዓቷን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትጠቀማለች፤ ታካሚው ገብቶ መረጃውን ማን እንዳየበት ያያል። ተቃራኒውን ደግሞ ፊንላንድ አሳይታናለች። ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መዝገብ ተሰርቆ በ2020 እ.ኤ.አ. በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ታካሚዎች «ገንዘብ ክፈሉ፣ አለዚያ ለሐኪማችሁ ያወራችሁትን እናወጣዋለን» ተባሉ። ሀብታም አገር መሆን አላዳናቸውም።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ አራት ናቸው። አንድ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ይይ፤ ካርድ የሚያወጣ ሠራተኛ የምርመራ ውጤት ምን ያደርግለታል? ሁለት፣ ካርዴ በተከፈተ ቁጥር በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በተራ ስልክ የሚነበብ፣ የጤና ጉዳዬን ግን የማይጠቅስ አጭር መልእክት ይምጣልኝ። ሦስት፣ የምፈልገውን ክፍል መዝጋት ልቻል፤ ራሴን ስቼ ከመጣሁ ሐኪሙ ይክፈተው፣ ግን ስሙና ምክንያቱ ይመዝገብ። አራት፣ መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ሕክምናው እንዳይቆም በምረዳው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በእጄ ይኑር።

«መጀመሪያ ሥርዓቱ ይሥራ፣ ጥበቃው በኋላ ይጨመራል» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቤት ሠርቶ በሩን ለከርሞ የሚያስቀምጥ ማነው? አንዴ የወጣ ምስጢር በአዲስ ቨርዥን አይመለስም።

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ኮድ የምትጽፉ፣ ነገ የጤና ጣቢያ ሶፍትዌር የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የቀረነው ደግሞ ታካሚዎች ነን። ሶፍትዌሩ በጭብጨባ ሲመረቅ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይጠይቅልን፦ «ካርዴን ትናንት ማን ከፈተው?» መልሱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ካልታየ፣ ሪባኑ አይቆረጥ።