ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድና ስለ ሰው ልብ



በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት በወልድያ መብራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ የኤሌክትሪክን ጥቅም ያልተረዳ ሰው አልነበረም። ጕዳቱን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ በወልድያም፥ በሀብሩ ወረዳ በመርሳም በብዙ ማድቤት ስለሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንነግራችኋለን።

በየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ምጣዱ እንጀራ ሲጋገርበት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሰውን ልብ አመታት አውኮ ለመግደል ግን ከ1 አምፔር ዐሥረኛው እጅ ያነሰ ይበቃል። መቶኛው እጅ እንኳ የእጅን ጅማት ጨምድዶ ስለሚይዝ፥ ሰው የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ይሳነዋል። እንግዲህ በቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል እንጂ ሰውን አያድንም፤ ይህን ያህል ጥቂት ኃይል አይሰማውምና።

ሊጥ የነካው እርጥብ እጅ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ የምትጋግረው እጅዋን ታድርቅ፥ ጫማም ታድርግ። የቤቱም ጌታ የምጣዱን ገመድ በባለሙያ ያስመርምር፤ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጠውን መከላከያ ያስገባ።

ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ቢገኝ አስቀድሞ መብራቱን ማጥፋት ነው፤ ማጥፊያው ቢርቅ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው። ራርቶ በእጁ የሚይዘው ግን እርሱም አብሮ ይያዛል። ትንፋሹ ከቆመ፥ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን ይገባል።

የመከላከያው ዋጋ ብዙ መስሎ የሚታየው ቢኖር፥ ከአንዲት እናት ሕይወት ጋር ያስተያየው።