የማስታወቂያ ሰሌዳን በስልክ መስማት፦ የንባብ አገልግሎት ወጪ በማን ይሸፈን?

በሮቤና በጎባ ከተሞች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ አይቶ ማንበብ ለሚችል ተገልጋይ ያለ ክፍያ የቀረበ መረጃ ነው። የክፍት ሥራ ምዝገባ፣ የግብር መክፈያ ጊዜ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደብ በዚህ መንገድ ይነገራል። ዓይነ ሥውር የሆነ ወይም የማየት አቅሙ የደከመ ተገልጋይ ግን ያንኑ መረጃ ለማግኘት አንባቢ መፈለግ፣ የአንባቢውን ትርፍ ጊዜ መጠበቅ፣ አንዳንዴም የግል ጉዳዩን ለሌላ ሰው መግለጥ ይኖርበታል። ከደሎ መና ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ጎባ የደረሰ ሰው፣ ማስታወቂያው የተነበበለት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ የተጓዘው መንገድ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ በስልክ የሚሰጥ የንባብ አገልግሎት ነው። ተገልጋዩ ወደ አጭር ቁጥር ይደውላል፤ ቋንቋውን፣ ወረዳውንና የሚፈልገውን ርዕስ የስልኩን ቁልፎች በመጫን ይመርጣል፤ የተቀዳውን ጽሑፍ ያዳምጣል፤ ያልገባውን ደግሞ ይሰማል። ለዚህ ዘመናዊ ስልክም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው አገልግሎት በሕዝብ ገንዘብ ሊደገፍ የሚገባው ስለ ምን እንደሆነና ወጪው እንዴት ሊከፋፈል እንደሚችል ማብራራት ነው።

የሕግ መሠረቱ

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደው መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 21 አንድ ደረጃ ወደ ፊት ይሄዳል። ለሕዝብ የታሰበ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች መልክ፣ በጊዜውና ያለ ተጨማሪ ወጪ እንዲደርስ ይጠይቃል።

የጉዳዩ ቁልፍ «ያለ ተጨማሪ ወጪ» የሚለው ነው። በሰሌዳው ፊት የቆመ ሰው ለማንበብ ሳንቲም አይከፍልም። ያንኑ ማስታወቂያ በስልክ የሚሰማው ሰው የአሥር ደቂቃ ጥሪ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ፣ በጉዳቱ ምክንያት ብቻ ለሕዝብ መረጃ ዋጋ ተጠየቀ ማለት ነው። ስለዚህ የጥሪው ነፃ መሆን የመብቱ አካል ነው።

ተጠቃሚው ማን ነው?

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ ዝቅተኛ ነበር። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የማራካሽ ስምምነት የተጠቃሚዎቹን ክልል ያሰፋዋል። በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ ይዞ መግለጥ የማይችሉትን፣ እንዲሁም ፊደል የመለየት እክል ያለባቸውን ጭምር ያቅፋል። ማንበብ ሳይማር የቀረ ሰው በስምምነቱ ውስጥ አይካተትም።

ይህ ልዩነት የሚያስፈልገው ግን ለመጻሕፍትና ለሌሎች የደራሲ መብት ላለባቸው ሥራዎች ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሕግና የአስተዳደር ይዘት ያላቸውን ይፋዊ ጽሑፎች ከጥበቃ ውጭ አድርጓቸዋል። ስለሆነም የወረዳን ማስታወቂያ በድምፅ ቀድቶ ለማሰማት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያሻም፤ ፊደል ያልቆጠሩ አረጋውያንም ሳይከለከሉ ሊያዳምጡት ይችላሉ።

በአገር ውስጥ የታየ ልምድ

ለአርሶ አደሮች በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመር አሠራሩ እንደሚቻል አሳይቷል። አርሶ አደሩ በነፃ ደውሎ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና ኋላም በተጨመሩ ቋንቋዎች ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል በሽታ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ስንዴና ገብስ በሰፊው ለሚመረትባቸው የባሌ ደጋ ወረዳዎች፣ ለሲናናም ሆነ ለአጋርፋ፣ ቁልፍ እየተጫኑ መረጃ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከውጭ አገር ተሞክሮ በአሜሪካ የሚገኘውን የዓይነ ሥውራን የስልክ ጋዜጣ አገልግሎት መጥቀስ ይቻላል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ይህ አገልግሎት ጋዜጦችን በስልክ ያስደምጣል፤ በበርካታ ግዛቶችም ወጪው ከሕዝብ ገንዘብ ይሸፈናል። ድጋፉ በየግዛቱ የተለያየ በመሆኑ የአድማጩ ዕድል በሚኖርበት ቦታ ይወሰናል። የሮቤ ነዋሪ የሚያገኘውን የጎሮ ነዋሪ እንዳያጣ፣ የፋይናንሱ መሠረት ከመነሻው አገር አቀፍ ሊሆን ይገባል።

ወጪው እንዴት ይከፋፈል?

የአገልግሎቱ ወጪ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሥርዓቱን መዘርጋትና ማስተዳደር ነው። ይህ በአድማጭ ብዛት ብዙም የማይለዋወጥ ስለሆነ ከፌዴራል መደበኛ በጀት ቢሸፈን ይመረጣል። በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የቆመ አገልግሎት ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ይቆማል፤ ያልታደሰና ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ ማሰማት ደግሞ ካለማሰማት የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛው የጥሪ ወጪ ነው። አሥር ደቂቃ የሚወስድ ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ከተቀዳ ለአንድም ለአንድ ሺሕም ሰው ይበቃል፤ አንድ ሺሕ ሰው ሲያዳምጠው ግን አሥር ሺሕ ደቂቃ የስልክ አገልግሎት ይሆናል። ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር የሚያድገው ይህ ወጪ ነው። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አገልግሎቱ ላልደረሳቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች ተደራሽነትን ለማስፋት መሠረት የጣለ በመሆኑ፣ የጥሪ ወጪው ከዚህ ማዕቀፍ ጋር ቢያያዝ አግባብ ይሆናል። ምክንያቱም ተደራሽነት በአንቴና ብዛት ብቻ አይለካም።

ሦስተኛው የይዘት ዝግጅት ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ራሱ በለጠፈበት ዕለት አስነብቦ ቢልክ፣ የሚያስፈልገው አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና ጥርት አድርጎ የሚያነብ ሠራተኛ ነው። ይህንን የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች ከመደበኛ ሥራቸው ጋር ሊያከናውኑት ይችላሉ።

ሰው ወይስ ኮምፒዩተር ያንብብ?

ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሶፍትዌር ወጪን ይቀንሳል። ነገር ግን የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ይሰጣል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ሰጪውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚሰጠውን ነገር ያመለክታል፤ በማስታወቂያ ውስጥ ይህ ልዩነት ትርጉም ያፋልሳል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ መጥበቁ በድርብ ፊደል ስለሚታይ ይህ ችግር አይኖርበትም። በባሌ ሁለቱም ቋንቋዎች ስለሚያስፈልጉ፣ ቀነ ገደብና ግዴታ ያለባቸው ማስታወቂያዎች በሰው ድምፅ ቢነበቡ ይበጃል።

ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ

አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ያረጋግጣል፤ የምዝገባውን ቀን ያልሰማ አመልካች ግን በመብቱ ሊጠቀም አይችልም። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ተገልጋይ በሚቀርብበት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያው ወይም ውሳኔው በቃል እንዲነበብለት ከመጠየቅ ወደ ኋላ ሊል አይገባም። በተለይ የመጨረሻውን ቀን፣ የሚቀርበውን ሰነድና ቅሬታ የሚሰማውን ክፍል ለይቶ ይጠይቅ።

በስልክ የሚሰማ ንባብ ለመረጃ እንጂ ለፊርማ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሠረት የዓይነ ሥውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ሰውየውን የሚያስገድደው፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ማድረግ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ማስታወቂያ ተለጠፈ የሚባለው ሁሉም ሲደርሰው ነው። ዓይኑ የማያይ ተገልጋይም ቀነ ገደቡን ከሌላው ጋር በአንድ ቀን፣ በእኩል ዋጋ ሊሰማ ይገባዋል።