በጠጋኝ እጅ የተጻፈ ሒስ

የኢንተርኔት ሥነ ጥበብ ከታላላቅ ቤተ መዘክሮች ጋር ስላለው ግንኙነት በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ወጣቶቹ አርቲስቶች ደጅ ሲጠኑ፣ በውስጥ የተሾሙት ግን አዲሱን ነገር ንቀው ሳይከፍቱላቸው ቀሩ የሚል ነው። ታሪኩ ለጆሮ ቢጥምም ከዘመኑ መዝገብ ጋር አይስማማም። የኒው ዮርኩ የዊትኒ ቤተ መዘክር የዳግላስ ዴቪስን በድረ ገጽ ላይ የተሠራ ሥራ በስጦታ ተቀብሎ ከንዋዩ ጋር የቈጠረው ገና እ.ኤ.አ. በ1995፣ አብዛኛው ሰው ድረ ገጽ ምን እንደ ሆነ ባላወቀበት ጊዜ ነው፤ በጀርመን ካስል ከተማ በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው የዶኩሜንታ አውደ ርእይም በ1997 ለዚሁ ጥበብ ክፍል ለይቶ ሰጥቷል። እንግዲህ በሩ ክፍት ነበር፤ የታጣው፣ ሥራዎቹ ከገቡ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያነባቸው ሰው ነው። እኔም ላስረዳ የምሻው ይህን የንባብ ግብር ሐያስያን ችላ ስላሉት በመጨረሻ የፈጸሙት፣ ማንም ከሐያስያን መዓርግ የማይቈጥራቸው የቤተ መዘክር ጠጋኞች መሆናቸውን ነው።

የካስሉ አውደ ርእይ አዘጋጅ ካትሪን ዳቪድ ለዚህ ጥበብ ቦታ መስጠቷ ያስመሰግናታል፤ ነገር ግን ሥራዎቹ የቀረቡት መሥሪያ ቤት መስሎ በተሰናዳ ክፍል፣ በተደረደሩ ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ያውም ከመረቡ ተቋርጠው ነበር። ህላዌው በመረቡ ላይ የሆነን ነገር ከመረቡ ነጥሎ ማሳየት ዓሣን ከባሕር አውጥቶ ዋና አሳየን እንደ ማለት ነው። አውደ ርእዩ ሲያበቃ ድረ ገጹም እንደሚዘጋ በተነገረ ጊዜ የስሎቬኒያው አርቲስት ቩክ ቾሲች ገጹን እንዳለ ገልብጦ በራሱ አድራሻ አኖረው። ድርጊቱ ስርቆት ነው ቢባል አያስደንቅም፤ ይሁን እንጂ መጠበቅ የሚገባው ባለቤቱ ሊጥለው ሲል፣ የጠባቂነቱን ሥራ የያዘው ያው ሌባ የተባለው ሰው ሆነ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረው የሐምቡርጉ ነገር ነው። በዚያው በ1997 የሐምቡርግ ኩንስትሃለ ቤተ መዘክር በመረብ ጥበብ ውድድር ባወጀ ጊዜ ኮርኔሊያ ሶልፍራንክ የተባለች አርቲስት ከ200 የሚበልጡ፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሴቶችን ስም ፈጥራ፣ ለእያንዳንዳቸውም የኢሜይል አድራሻ አበጅታ አስመዘገበቻቸው። ሥራቸውን የሠራላቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነበር፤ ይህም በፍለጋ ያገኛቸውን ድረ ገጾች እየቈራረጠ፣ የአንዱን ጽሑፍ ከሌላው ሥዕል ጋር እያጋጠመ ገጽ በገጽ ላይ አወጣ። ቤተ መዘክሩ 280 ያህል ተወዳዳሪዎች መመዝገባቸውን፣ ከእነርሱም ሁለት ሦስተኛው ሴቶች መሆናቸውን በደስታ ለጋዜጦች ገለጸ፤ ሽልማቱ ሲታደል ግን ሦስቱንም የወሰዱት ወንዶች ሆኑ፤ ሶልፍራንክም ያን ጊዜ ምሥጢሩን ገለጠች። ሰዎች ይህን ድርጊት የሴቶችን መገፋት ያጋለጠ አድርገው ያወሱታል፤ እውነትም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ገጽታው ነው። ዳኞቹ የማሽኑን ውጤት ባለመሸለማቸው አይወቀሱም፤ ዳሩ ግን ያ ሁሉ ገጽ ከአንድ እጅ፣ ያውም የሰው ካልሆነ እጅ መውጣቱን ለማወቅ ጥቂቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ይበቃ ነበር። ሥራዎቹ ተቈጠሩ እንጂ አልተነበቡም።

ሐያስያኑስ የት ነበሩ? በ2012 ክሌር ቢሾፕ በአርትፎረም መጽሔት ላይ በጻፈችው ብዙ ባከራከረ መጣጥፍ፣ የዘመኑ ሥነ ጥበብ ኑሯችንን ስለ ለወጠው የዲጂታል ነገር ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀች፤ ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ ለሃያ ዓመት ሲደክሙ የኖሩትን አርቲስቶች የራሳቸው የተለየ መስክ አላቸው ብላ በአንድ አንቀጽ አለፈቻቸው፤ እነርሱም ተቈጡ፤ ደግሞም ቢቈጡ አይፈረድባቸውም። በ2021 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት የአርቲስት ቢፕልን 5,000 ሥዕሎች ያቀፈ ዲጂታል ሥራ በ69.3 ሚሊዮን ዶላር በሸጠ ጊዜም አብዛኛው ጸሐፊ ዋጋውን ሲተነትን ሰነበተ። ቤን ዴቪስ የተባለው ሐያሲ ግን አምስት ሺሁንም ሥዕል አንድ በአንድ ተመልክቶ ያየውን ጻፈ፤ ያየውም አላስደሰተውም። ይህ ተራ የሐያሲ ግዴታ እንደ ብርቅ መነገሩ ራሱ የመስኩን ድህነት ያሳያል።

ወደ ጠጋኞቹ እንመለስ። ዳግላስ ዴቪስ በ1994 የጀመረው ሥራ ማንኛውም ጎብኚ የፈቀደውን ቃል የሚጨምርበት አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው፤ የተከለከለው በነጥብ መዝጋት ብቻ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ዓለም ሁሉ በተጠራበት በዚያ ገጽ ላይ አማርኛ ጸሐፊ በየትም አገር ማሽን እንዲነበብለት አድርጎ በራሱ ፊደል መጻፍ አይችልም ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነውና።) ዓመታት ሲያልፉ ኮዱ አረጀ፤ ወደ ሌሎች ገጾች የሚወስዱት ማስፈንጠሪያዎች ሞቱ፤ በኮሪያ ፊደል የተጻፈው ክፍል ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆነ፤ በመጨረሻም ሥራው ጨርሶ ቆመ። የዊትኒ ባለሙያዎች ሊጠግኑት በተቀመጡ ጊዜ የገጠማቸው ጥያቄ የመሣሪያ ሳይሆን የባሕርይ ጥያቄ ነበር፤ ሥራው እነዚያ ሰዎች በዚያ ዘመን የጻፉት ጽሑፍ ነውን? ወይስ ማንም በማንኛውም ጊዜ የሚጽፍበት ክፍት ቦታ? የሞተው ማስፈንጠሪያ ጉድለት ነው ወይስ የዕድሜው ምስክር? በ2013 የሰጡት መልስ ሁለት ቅጂ ማቅረብ ሆነ፤ አንዱ ከነሕመሙ የተጠበቀ፣ ሁለተኛው ታድሶ አዲስ ጸሐፊ የሚቀበል። ይህ፣ በእኔ ግምት፣ ስለዚያ ሥራ ከተሰጡት የሒስ ፍርዶች ሁሉ የጠለቀው ነው፤ ነጠላ ይመስል የነበረውን ሥራ ሁለት ባሕርይ እንዳለው አሳይቷልና።

የጉግንሃይም ቤተ መዘክር ጠጋኞች የሄዱበት መንገድ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ቤተ መዘክሩ በ1998 ያሠራው የሹ ሊ ቻንግ «ብራንደን»፣ በ1993 በነብራስካ ግዛት ስለ ተገደለው ብራንደን ቲና የተሠራው ሰፊ ድረ ገጽ፣ ጃቫ በተባለው ቋንቋ የተጻፉት ክፍሎቹ በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ መሥራት ስላቆሙ ዝም ብሎ ነበር። በ2016 እና በ2017 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ጋር ሲጠገን፣ ባለሙያዎቹ የሞተውን ኮድ አልፋቁትም፤ ማሽኑ እንዲያልፈው ምልክት አድርገውበት፣ አዲሱን በአጠገቡ ጽፈው፣ የለወጡበትን ምክንያት እዚያው አሰፈሩ። የብራናው ቃል ሳይነካ አንድምታው በጎኑ እንደሚከተል መሆኑ ነው። የገጹን ምንጭ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ሥራውንና ትርጓሜውን በአንድነት ያገኛል።

ይህን ስል ጠጋኙ ሐያሲውን ጨርሶ ይተካል ማለቴ አይደለም። ጠጋኝ የተሰጠውን ይጠግናል፤ መልካሙን ከተራው መለየት ግብሩ አይደለም፤ ጽሑፉም በባለሙያዎች መካከል ይቀራል እንጂ ወደ መጽሔት አይደርስም። ደግሞም ህልውናው በቤተ መዘክሩ ቸርነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በሚኒያፖሊስ የሚገኘው ዎከር የጥበብ ማዕከል በዚህ መስክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2003 ገንዘብ ሲያጥረው የመስኩን መሪ ስቲቭ ዲትዝን አሰናብቷል። የሒሱ ጉድለት ዋጋ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አዶቢ የፍላሽ ፕሮግራሙን መደገፍ በ2020 መጨረሻ ባቆመ ጊዜ ለሃያ ዓመት ያህል በእርሱ የተሠሩ ሥራዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተራው ጎብኚ ዐይን ተሰወሩ፤ ሁሉን ለማዳን የሚበቃ እጅም ገንዘብም አልነበረም። ከመካከላቸው የትኛው ቢጠፋ እንደሚያስቈጭ አስቀድሞ መርምሮ የጻፈ ሐያሲ ጥቂት ስለ ነበር፣ የብዙዎቹን ዕጣ የቈረጠው የጥገናው ቅለትና የባለቤቱ አቅም ሆነ።