ስለ ነጋዴ ድፍረትና ራሱን ስለ ማወቁ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ አንድ ነጋዴ ደፋር ነው የተባለ እንደሆነ፥ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ዋጋ ይወጣል ብሎ በአንድ ሳምንት መጋዘኑን በበቆሎ የሚሞላው ሰው ነው። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም፥ ድፍረት የሚለውን ቃል ከሚገባው በታች ያወርደዋል። በራሱ ገንዘብ የሚደፍር ሰው አለ፤ በባንክ ብድርና ከገበሬው በዱቤ በወሰደው እህል የሚደፍርም አለ። ሁለቱ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

በቀድሞው ዘመን የነጋድያን መሪ ነጋድራስ ይባል እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያና ከጅማ በኩል የሚመጣው ቡና፥ ወርቅ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፥ ሊሰወር የማይገባውም የባሪያ ንግድ፥ ዐባይን ተሻግሮ በየጁቤ አጠገብ በሚገኘው በባሶ ገበያ ይገናኝ ነበር። ከዚያም ወደ ጎንደር፥ ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ያልፋል፤ በመልሱም አሞሌ ጨውና ጨርቅ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ነጋድራሱ በየኬላው ስለ ቀረጡ ይከራከራል፤ ዐባይ ሳይሞላ መቼ እንደሚነሡ፥ ሽፍታ አለ በተባለበት ስፍራም መሄድ ወይም መቀመጥ እንደሚሻል ይቈርጣል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ነጋድራሱ ራሱ ከቅፍለቱ ጋር ይሄድ የነበረ መሆኑ ነው። ፍርዱ የተሳሳተ እንደሆነ ጕዳቱ በእርሱም ላይ ይደርሳል። (በኋላ ዘመን ማዕረጉ ለመንግሥት የጉምሩክ ሹም መጠሪያ ሆኖ፥ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ የደረሱት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነጋድራስ ተብለዋል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።)

የዛሬው ነጋዴ ከቅፍለቱ ጋር አይሄድም። በወንበሩ ተቀምጦ በስልክ ያዛል፤ የሚሄዱት ሾፌሩና ረዳቱ ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያት፥ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳርም ሆነ በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ፥ ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታይቷል። እህሉ ተጭኗል፤ ገዢው በአዲስ አበባ ይጠብቃል፤ የመዘግየት ቅጣትም በውሉ ላይ ተጽፏል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው «አይዞህ፥ ምንም የለም፥ ንዳ» ያለ እንደሆነ ደፋር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የደፈረው በማን ነፍስ ነው? ሾፌሩም «እሺ ጋሼ» ብሎ መነሣቱ አምኖ ሳይሆን እንጀራውን ፈርቶ ሊሆን እንደሚችል፥ አሠሪው ሊያውቅ ይገባዋል። «እኔ ራሴ ዛሬ በዚህ መኪና እሳፈር ነበርን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ፥ መልሱም አልሳፈርም የሆነ እንደሆነ ጭነቱን አስወርዶ ለገዢው «ፈርቼ አስቀረሁት» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ነጋዴ፥ ገንዘብ ቢከስርም ከነጋድራሶች ወገን ይቈጠራል።

ራስን አለማወቅ በሰላሙም ዘመን ቢሆን ብዙ ቤት ያፈርሳል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት እጅግ በዝቶ ዋጋው በመውደቁ፥ ገበሬው ለማዳበሪያ የተበደረውን እንኳ ለመክፈል ተቸግሮ እንደ ነበር ይታወሳል። በማግስቱ ዓመት ዝናም ጠፍቶ በአገሪቱ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከዚህ መከራ በተገኘ ትምህርት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የደከሙበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ይሁንና የምርት ገበያ ዋጋን ያሳውቃል እንጂ የነጋዴውን ልብ አያሳውቅም። ዋጋ ሲወርድ እህሉን የሚይዝ ሰው፥ የያዘው ስለ ገበያው በቂ ወሬ ኖሮት ነውን ወይስ በእልህ? እልህ ድፍረት መስሎ ስለሚታይ ባለቤቱን እንኳ ያታልላል። ጎረቤቱ ሸጦ ስላተረፈ፥ እርሱም በወረደ ዋጋ ሸጠ እንዳይባል እስከ ክረምት ያቈየዋል። በቆሎ ደግሞ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ብዙ ካለፈ ይሻግታል፤ ቢደርቅም ነቀዝ አይምረውም። ነቀዝ እልህ አያውቅም።

ይህን አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን መጋዘን ጠባቂው ወይም መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ ነው። ጆንያው ሲሞቅ ጠባቂው በእጁ ይዳስሰዋል፤ የብድሩ ወለድ ትርፉን ሲበልጥ ጸሐፊው በቍጥር ያየዋል። በብዙ መደብር ግን «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» የሚለው ተረት የቤቱ ሕግ ሆኖ ይኖራል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ስለ ክፉ ወሬ የተቈጣ እንደሆነ፥ ከዚያ ወዲያ ክፉ ወሬ አይነገረውም፤ እርሱም ሥራው ደኅና የሄደለት ይመስለዋል። የቡሬን በርበሬ ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የረጨበት ሠራተኛ ቢገኝም፥ ጌታው «አላዘዝሁም» ከማለቱ በፊት ያላዘዘው ነገር ለምን እንደሚያስደስተው ሆኖ እንደ ታሰበ ራሱን ቢመረምር መልካም ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቁት የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቁ የዘይት ፋብሪካ ለአካባቢው ነጋዴ አዲስ ዓይነት ገዢ አምጥተዋል። እንዲህ ያለው ገዢ ናሙና መርምሮ፥ በውል ይገዛልና በቃል ማሞካሸት አይረካም።

ወደ ሾፌሩ ነገር ለመመለስ፥ ነጋዴዎች ከመልካም ፈቃድ ሌላ በእጃቸው ያለ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1792፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ኀይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ነገር እንደሆነ ይደነግጋል። በየጊዜው የሚዘጋ መንገድ «ሊታሰብ የማይችል» ነው ብሎ በፍርድ ቤት መከራከር ዛሬ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ መንገድ በተዘጋ ወይም አስጊ በሆነ ጊዜ የመዘግየት ቅጣት እንዳይከፈል በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ቢጻፍ፥ ሾፌሩም አልሄድም ያለ እንደሆነ ደመወዙ እንዳይቈረጥ በቅጥር ውሉ ላይ ቢጨመር ይቻላል። የምዕራብ ጎጃም ነጋዴዎች ይህን ቃል በአንድነት ተስማምተው ያቀረቡት እንደሆነ የአዲስ አበባ ገዢ አንዱን በአንዱ ሊያስፈራራበት አይችልም። አስቀድሞ የሚፈርመው ግን አንድ ሰው መሆን አለበት፤ ያም ሰው በዚያ ወር ጥቂት ገዢ ሊሸሸው ይችላል።