የቱ ይቅደም፦ የመምህራን ምልመላው ወይስ ደመወዙ?

ምልመላው ይቅደም
(ጡረታ የወጡ የመምህራን አሠልጣኝ)

በመምህራን ኮሌጅ ሳስተምር አዲስ ገቢዎችን በየዓመቱ እጠይቅ ነበር፦ «መምህርነትን አንደኛ ምርጫው ያደረገ እጁን ያውጣ።» በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከ40 ሠልጣኝ መካከል የሚነሡት ሁለት ወይም ሦስት እጆች ነበሩ። የቀሩት ሌላው በር ሲዘጋባቸው የመጡ ናቸው። ከእነሱም ግሩም መምህር የሆኑ አሉ፤ ክፍልፋይ መደመር እያቃተው ተመርቆ ልጆች ፊት የቆመም አለ። እንዲመረቅ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይከነክነኛል።

በ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር 3.2። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ ኩረጃው ሲገታ ለዓመታት ተሸፍኖ የነበረው ተገለጠ። በልጆቹ አልፈርድም። በሁለተኛ ክፍል የተበላሸ ንባብ በ12ኛ ክፍል አይቃናም፤ ያንን መሠረት እንዲጥል የምንልከው ደግሞ በዝቅተኛ ነጥብ የተቀበልነውን ሰው ነው።

ደመወዙ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ነገር ግን መግቢያው ሳይጠብቅ ገንዘቡ ቢጨመር፣ ሥራውን የማይወደው ሰው ተደላድሎ ይቀመጣል። ከፍ ያለ ነጥብ፣ የቃል ፈተና፣ ልጆች ፊት አቁሞ ማየት መቅደም አለበት። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከትምህርት በር ይመልሳል ብለው ነው የተነሡት። አባቴ መምህሮቼን መንገድ ላይ ሲያገኝ ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣ ነበር። ያ ክብር በብር አልተገዛም።

ደመወዙ ይቅደም
(የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት፣ አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ የ1966ቱን ካነሡ ሌላውንም ግማሽ ይንገሩን። መምህራኑ ያኔ ደመወዝ ይሻሻልልን ብለውም ነበር። የድሃውን ልጅና የራሳቸውን ጓዳ አንድ ላይ ይዘው ወጡ።

ፊዚክስ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። አብረውኝ የጀመሩ ሦስት ጎበዝ የሒሳብ መምህራን ነበሩ። አንዱ ባንክ ገባ፣ አንዱ በሞተር ዕቃ ያደርሳል፣ ሦስተኛዋ አረብ አገር ሄደች። ሦስቱም እርስዎ የሚሉትን ነጥብ ይዘው፣ ማስተማርን ወደው የመጡ ነበሩ። የእርስዎን ወንፊት አልፈዋል፤ ያስወጣቸው የቤት ኪራይ ነው።

በመስከረም 2018 የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አደገ። ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ጭማሪው ሲደርስ ዘይቱ ቀድሞት ሄዷል። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሦስት ቤት እየዞርኩ አስጠናለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ቤቴ ስገባ የ68 ተማሪ ደብተር ይጠብቀኛል። በሙከራ ላሳያቸው የሚገባኝን በጠመኔ ሥዬ የማልፍባቸው ቀኖች በዝተዋል፤ ልጆቹ እንደደከመኝ ያውቃሉ። በትግራይ ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈላቸውን የ17 ወር ደመወዝ ይጠይቃሉ። ለእነሱ ስለ መግቢያ ነጥብ ምን ብለን እንንገራቸው?

መስፈርቱ ከፍ ይበል፣ አልቃወምም። በሩ ላይ የተሰለፈ ጎበዝ ከሌለ ግን ወንፊቱ ምን ያጣራል?

የአሠልጣኙ ምላሽ

ልጄ፣ በ1966ቱ ረትተሽኛል። ነገር ግን የመንግሥት ካዝና ለሁሉም ባንዴ አይበቃም፤ ከማን እንጀምር? ጥሩ ነጥብ አምጥተው መምህርነትን ከመረጡ ልጆች ይሁን እላለሁ። በሥልጠናው ዘመን የኪስ ገንዘብ፣ ሲመረቁም የተሻለ መነሻ ይሰጣቸው። እነሱ ሲገቡ ሙያው ቀና ይላል።

የመምህርቷ ምላሽ

ትናንት የገባችው ከነባሩ በላይ ከተከፈላት፣ ክፍል መያዝን ማን በደስታ ያስለምዳታል? የገንዘቡ መጀመሪያ ዛሬ ክፍል ውስጥ ላለው ይሁን። ያ ሰው ነው ለቀጣዩ ትውልድ ሙያውን የሚያሳየው።

ባለፈው ሳምንት ከክፍሌ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ከደወል በኋላ ቀርታ፣ «ቲቸር፣ እንደ እርስዎ ፊዚክስ አስተማሪ ብሆንስ?» አለችኝ። በ14 ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ናት። «ሁኚ» ለማለት ልቤ ዘለለ፤ አፌ ግን «ቤተሰቦችሽን አማክሪ» አለ። ልጅቷ አንገቷን ነቅንቃ ደብተሯን ይዛ ወጣች።