እግር ሳለ መሳፈሪያ ሲታጣ



«ሩጫ የድኻ ስፖርት ነው፤ ከእግር በቀር ምንም አይጠይቅም» የሚል አነጋገር በከተማችን በሁሩታ ዘወትር ይሰማል። ይህን የሚሉ ሰዎችም ማስረጃ አያጡም። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ ይላሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እዚሁ አርሲ ውስጥ በአሰላ አቅራቢያ ሲያድግ፣ ደብተሩን ታቅፎ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ እውነት ተነሥተው የሚሰጡት ፍርድ ግን ትክክል አይመስለኝም። ለምን ቢባል፣ መሮጥ በነጻ ቢሆንም መታየት ገንዘብ ይጠይቃልና ነው።

አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ስለ ነበረ ደመወዝና ቀለብ ነበረው። ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝም ነበሩት። ወደ ሮም የሄደውም አገሩ ልካው ነው። እንግዲህ በባዶ እግሩ ሮጠ እንጂ በባዶ እጁ አልተላከም። ዛሬማ የጫማው ነገር ራሱ ሌላ ሆኗል። ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ያደረገችው ዓይነት ጫማ በ500 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ያደረገኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ቤታቸው ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ ጧት ጧት በእግሩ ይመጣል። ባለፈው ዓመት በመካከላችን በተደረገው የ5 ሺህ ሜትር ሩጫ እርሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ወጣን። ልዩነታችንም ቀላል አልነበረም፤ እኔ ስደርስ እርሱ ሹራቡን ደርቦ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላ ከተማ የምርጫ ውድድር መኖሩ ተነገረን። ሆኖም መሳፈሪያውን፣ ምግቡንና የአንድ ሌሊት አልጋውን እያንዳንዳችን እንድንችል ተባለ። የእኔ አባት ሱቅ ስላላቸው ሰጡኝ። የጓደኛዬ እናት ግን ሌሎች ልጆችም አሉባቸው፤ የተጠየቀውም ገንዘብ ለቤታቸው የሳምንት አስቤዛ ነበር። ጓደኛዬም «አንተ ሂድ፤ እኔ በሚመጣው ዓመት እሄዳለሁ» አለኝ።

ሄድሁ፤ ሮጥሁ፤ አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስንመለስ መኪናው ከኢተያ ታጥፎ ወደ ሁሩታ ሲያመራ ያሳዘነኝ የእኔ መሸነፍ አልነበረም። መራጮቹ የእኛን ሁለተኛ አይተው «ከዚያ የሚወጣ ሯጭ የለም» ብለው ይሆናል፤ አንደኛችን ግን በዚያች ሰዓት ከብት ያግድ ነበር። ቦታውን ያገኘሁት በእግሬ ሳይሆን በአባቴ ኪስ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጓደኛዬም ዘንድሮ ልምምዱን ትቶ በገበያ ቀን ጭነት ያወርዳል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የተባለውን የኳስ ጨዋታ የሚወዱ ልጆች፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በሚጫወቱ ቡድኖች ውስጥ ይገባሉ። ወላጆቻቸውም ለቡድኑ፣ ለጉዞውና ለሆቴሉ ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ተጫዋች መልማዮች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በእነዚሁ ውድድሮች ላይ ስለ ሆነ፣ መክፈል የማይችለው ልጅ ከዓይናቸው ይርቃል። ይህንንም ያስተዋለ ጆን ያንግ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በሎስ አንጀለስ ለድኻ ሰፈር ልጆች የሚሆን የቤዝቦል መርሐ ግብር ጀመረ። በባለጸጋው አገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

«ብርቱ ልጅ መንገዱን ራሱ ያገኛል፤ የበቆጂን ልጆች ተመልከት» የሚሉኝ አሉ። እኔም ተመልከቱ እላለሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ድርብ ወርቅ አገኙ። ሦስቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ብዙ ሰው ምክንያቱ የደጋው አየር ነው ይላል። አየሩ ይረዳል፤ ነገር ግን ደጋ በአርሲ ምድር ሞልቷል። በበቆጂ ከአየሩ በላይ መምህሩ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ። የሚያይ ዓይን ከልጆቹ ዘንድ ነበረ፤ ልጆቹ በመጀመሪያ እንዲታዩ መሳፈሪያ መክፈል አላስፈለጋቸውም። መንገዱን ያገኙትን በስም እናውቃቸዋለን፤ ያላገኙትን ግን ማን ቆጠራቸው?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የምርጫው ውድድር በየወረዳው ከተማ በተራ ይደረግ። ሰዓት የያዙ ሦስት መራጮች ወደ መቶ ልጆች ቢመጡ፣ መቶ ልጆች ወደ ሦስት መራጮች ከሚሄዱ ወጪው እጅግ ያንሳል። ሁለተኛ፣ እንግዳ መቀበል የቆየ ባህላችን ነውና ለውድድር የመጡ ተማሪዎች በባለአገሩ ተማሪዎች ቤት ይደሩ፤ የአልጋው ኪራይ ይቀራል። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤታችን የመሳፈሪያ ሣጥን ይቁም። ወላጆች፣ ነጋዴዎችና እኛ ተማሪዎችም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናዋጣ። ገንዘቡም ማን የማን ልጅ ነው ሳይባል በሩጫው ውጤት ቅደም ተከተል ይሰጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል ለዚሁ ዓይነት ሥራ የተነገረ ይመስለኛል።

ገንዘቡ ለመጽሐፍ ቢውል ይሻላል የሚል መምህር ወይም ወላጅ ይኖር ይሆናል። መጽሐፍ ይቀንስ አላልሁም። ነገር ግን በትምህርቱ አንደኛ የወጣው ተማሪ መሳፈሪያ አጥቶ ከፈተና ቢቀርና ሁለተኛው በእርሱ ፈንታ ቢፈተን፣ ዝም ብለን የምናይ አይመስለኝም።

እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን እፈጽማለሁ። አባቴም ለዚህ ዓመት ውድድር ለእኔ ሊሰጡኝ የነበረውን መሳፈሪያ ለሣጥኑ የመጀመሪያ መዋጮ እንዲያደርጉት ጠይቄአቸው ፈቅደውልኛል። ጓደኛዬን ወደ ልምምዱ ተመለስ ብዬ ለመለመን የምደፍረው የሚሳፈርበትን ይዤ ስቀርብ ነው። የቀረውን እናንተ ሙሉበት።